በወይንና በጠጅ መካከል የገባችው ፊደል

ደብዳቤው የመጣው በሰው እጅ አይደለም፤ በበሩ ሥር ሾልኮ ነው። አሳየች የውሃ ክፍያ መስሏት አነሳችው። ሲገለጥ የኮንዶሚኒየሙ የነዋሪዎች ኮሚቴ ማኅተም አለበት፤ «በሦስተኛ ፎቅ የሚከናወነው የመጠጥ ዝግጅት እስከ ግንቦት ሠላሳ ድረስ እንዲቆም» ይላል። ሁለቴ አነበበችው። በሦስተኛ ፎቅ መጠጥ የሚያዘጋጅ ከእሷ ሌላ ስለሌለ ስሟን መጻፍ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

እውነቱን ለመናገር ኮሚቴው እንዲያው ከመሬት ተነስቶ አልጠመዳትም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት፣ እሷ ገበያ ወርዳ ሳለ፣ አንደኛው ጋን ገንፍሎ አረፋው በበሩ ሥር ወጣ፤ ደረጃውን ይዞም ሁለተኛ ፎቅ ወረደ። የማር አረፋ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፣ ጉንዳን ይጠራል። ጉንዳኖቹ ያን ሁሉ በር እያለፉ ቀጥ ብለው የገቡት የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፍሥሐ ቤት ነው። አቶ ፍሥሐ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ አልኮል ባፋቸው ዞሮ አያውቅም፣ ጠብም አይወዱም። እሁድ ጠዋት ለአምልኮ ሊወጡ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ያሰሙት ድምፅ ግን እስከ ግቢው ዘበኛ ድረስ ተሰምቷል።

አሳየች ደብዳቤውን ይዛ ወረደችና ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ፣ እትዬ አሳየች» አሉ አቶ ፍሥሐ፣ አንዱን እግራቸውን በሌላው እያከኩ። «እኔ ብተወው ግን ሌሎቹ አይተዉትም። ሽታው እንኳ ግዴለም፤ ጉንዳኑ ነው የከበደው። እባክዎን ቤት ይፈልጉለት። ኮንዶሚኒየም ለጠጅ አልተሠራም።»

ክፉ ቢናገሯት ይሻላት ነበር፤ መልስ ታገኝ ነበር። እንዲህ በትሕትና ሲለምኗት ግን «እሺ» ብላ ወጣች። ቤት ከየት እንደምታመጣ ግን ሐሳቡም አልነበራት።

አሳየች ጠጅን የተዋወቀችው በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ላምበረት አካባቢ፣ መናኸሪያው ገና ሳይመጣ፣ ወይዘሮ አገርነሽ የሚባሉ ባለ ጠጅ ቤት ዘንድ ብርሌ አጣቢ ሆና ገባች። የብርሌ አንገት ጠባብ ስለሆነ እጅ አያስገባም፤ ጠጠርና ውሃ ከትቶ መናጥ ነው። ሦስት ዓመት ናጠች። ከዚያ ወደ ጓዳ አስገቧት፤ ጌሾውን እንጨት እንጨቱን መርጦ መከትከት፣ ጋኑን በወይራ ማጠን፣ ማሩን በውሃ መበጥበጥ ተማረች። የወይዘሮ አገርነሽ ሕግ አንድ ነበር፤ ማር፣ ውሃ፣ ጌሾ፣ ሌላ ምንም። ስኳር እየጨመሩ ስለሚሸጡ ባለ ጠጅ ቤቶች ሲነሳባቸው «እነሱማ ሻይ ነው የሚያፈሉት» ይሉና ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ሴትዮዋ ሲያርፉ ጋኖቻቸውንም ደንበኞቻቸውንም ለአሳየች ትተው ሄዱ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው ጣለች። ጠጅ ይጣላል እንጂ አይጠመቅም፤ ጠመቅሽ የሚላት ሰው ካለ ያኔውኑ ነው የምታርመው። አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ፣ ወገቡን የሚያሳርፍ ተሸካሚ፣ ከደሴ የገባ ሾፌር፣ ሁሉም እሷ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያውቃል። ባሏን የቀበረችውም፣ ልጇን ጸጋን ዩኒቨርሲቲ ልካ ያስመረቀችውም በዚያ ጠጅ ነው። ከዚያ ሰፈሩ ለመንገድ ተፈለገና ቤቱ ፈረሰ፤ እሷም መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ገባች። ቤቱን አላማችውም፤ ፀሐይ ያገኛል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ሁለቱን ጋኖች ሦስት ፎቅ ሲያወጡ ተሸካሚዎቹ ያወረዱባትን ስድብ ግን እስከ ዛሬ አልረሳችም።

ብታቆም በረሃብ አትሞትም። ጸጋ ሐዋሳ ጥሩ ሥራ ይዛለች፤ «ይብቃሽ እማዬ፣ ነይና እኔ ጋ ተቀመጪ» ካለቻት ዓመት አልፏታል። አሳየችን የሚጨንቃት ያ መቀመጥ የሚባለው ነገር ነው። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወዲህ ሞክራው አታውቅም። በልጇ ሶፋ ላይ ሆና የቱርክ ድራማ ስትከታተል ራሷን ስታስበው ተነስታ ብርሌ ማጠብ ትጀምራለች።

ስለ ፌስቲቫሉ የነገራት ሙክታር ነው። ሙክታር ከላምበረት መሪ ሚኒባስ ይነዳል። ሙስሊም ስለሆነ ጠጇን ቀምሶ አያውቅም፤ ብርዟን ግን፣ ገና ሳይፈላ የሚቀዳውን የማር ውሃ፣ ሃያ ዓመት ጠጥቷል። አንድ ቀን ከጋቢና አስቀምጧት ሲሄድ መብራት ላይ ቆመና ስልኩን አወጣ።

«እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝማ። የጠጅ ፌስቲቫል ነው መሰል፤ እንጦጦ ሥር። ባለ ሆቴሉም ባለ ሀብቱም ይመጣል ይላል። ቦታ ያለው ሰው አይጠፋም።»

አሳየች ስልኩን ከዓይኗ አርቃ አነበበች። «የወይን ጠጅ ፌስቲቫል» ይላል።

«የጻፈው ሰው ‹ና›ን ረስቷታል» አለች። «የወይንና የጠጅ ሊል ነው።»

«ይሆናል» አለ ሙክታር። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላው ጥሩምባ እየነፉበት ስለ ሆሄ የሚከራከር ሾፌር የለም።

በሥሩ በተጻፈው ስልክ ስትደውል ያነሳቻት ፀደንያ የምትባል ልጅ ናት። ፀደንያ የፌስቲቫሉ መዝጋቢ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ ታነሳለች፣ ለትልቅ ሰው በአማርኛ ብቻ ተናገሪ ተብላ ደግሞ በአለቃዋ ተመክራለች። ስለዚህ ወይኑን ሁሉ በማዕረግ ስሙ የወይን ጠጅ እያለች ጀመረችና፣ ከስንተኛው ተመዝጋቢ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ ምላሷ ሲደክማት «ጠጅ» ብቻ ማለት ቀጠለች።

«ጠጅዎ ደረቅ ነው ወይስ ለስላሳ፣ እማማ?»

«ደረቅ። ለስላሳውን የምጥለው ለሠርግ ሲያዙኝ ብቻ ነው።»

«እሺ፣ ናይስ። ነጭ ነው ቀይ?»

አሳየች ልጅቷን ወደደቻት። ስለ ማሩ የሚጠይቅ ሰው ካገኘች ስንት ዘመኗ። «ነጭ ነው። ቀዩን አልነካም፤ መልኩን ያጠቁርብኛል።»

«ዋው። ዕድሜውስ?»

«የእኔ ነው የጠጁ?»

«የጠጁ።»

«ሁለት አልፎታል» አለች አሳየች፣ ወር ማለቷ ነው። ፀደንያም በላፕቶፗ ላይ ጽፋ ጨረሰችና የጠረጴዛ ቁጥር ሰጠቻት። ሁለቱም በጣም ተግባብተው ስልኩን ዘጉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙክታር ሚኒባሱን ከኋላ ከፍቶ አራት ቢጫ ጀሪካን ጠጅ፣ አንድ ጀሪካን ብርዝና በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሠላሳ ብርሌዎች ጫነላት። ቦታው ከእንጦጦ ግርጌ ያለ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ሜዳ ነው። በዓለ ኀምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ ከራጉኤል ተሳልመው የሚወርዱ ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ አጥሩ ጋ ቆም እያሉ ያያሉ። የአሳየች ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ ካርድ ቆሟል፤ «አሳየች፣ ነጭ፣ ደረቅ፣ የሁለት ዓመት»። ዓመት የሚለውን ስታይ ፈገግ አለች። እነዚህ ልጆች ሆሄ ብቻ አይደለም የሚረሱት አለች በሆዷ።

ፀደንያ እየሮጠች መጣች። መጀመሪያ ጀሪካኖቹን አየች፣ ከዚያ ብርሌዎቹን፣ ከዚያ አሳየችን።

«እማማ፣ ጠርሙሶቹ አልደረሱም እንዴ?»

«የምን ጠርሙስ፣ ልጄ? ብርሌ ይዣለሁ።»

«እና ወይኑ የቱ ጋ ነው?»

«ወይን የለበትም፤ የማር ነው። ጠጅ ነው።»

ፀደንያ ባዶ ሳጥን ላይ ዝርፍጥ አለች። «ኦ ማይ ጋድ። ነጭ ደረቅ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ማሩ ነጭ ነው፣ ጠጁ ደረቅ ነው። ዋሸሁሽ?»

አልዋሸቻትም። ፀደንያ ከሁሉ የከፋው ይኸው መሰላት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ፌስቲቫሉ ለወይን ብቻ መሆኑን፣ ደንቡ ላይ መጻፉን፣ በሩ ሊከፈት ግማሽ ሰዓት እንደቀረው፣ አለቃዋ ካየ እንዳለቀላት ነገረቻት። ለአሳየች ያን ሁሉ ጀሪካን ይዛ ስትመለስ ታያት፤ ሦስቱን ፎቅ ስትወጣ፣ አቶ ፍሥሐ በር ላይ ቆመው በርኅራኄ ሲያይዋት። ከዚያ ደግሞ የሐዋሳው ሶፋ።  መለመን ግን አልሆነላትም፤ የመጣላት ንዴት ነው። የልጅቷን እጅ ይዛ ከመተላለፊያው በላይ ወደተሰቀለው ባነር ወሰደቻት።

«አንብቢልኝ።»

«የወይን ጠጅ ፌስቲቫል።»

«ጠጅ ይላል አይልም?»

«ይላል። ግን እማማ፣ የወይን ጠጅ ማለት በቃ ዋይን ማለት ነው።»

«ወይን ከሆነ ወይን በሉታ። ጠጅን ምን አመጣት? ስሟን ተውሳችሁ ባለቤቲቱን በር ላይ ታስቆማላችሁ? እኔማ ‹ና› የተረሳች መስሎኝ በልቤ ይቅር ብያችሁ ነበር።»

ፀደንያ አፏን ከፍታ ባነሩን አየችው። አይታው የማታውቅ ይመስል ነበር። ከጎን ካለው ጠረጴዛ አንድ ሽበታም ሰውዬ ሳቃቸው ፈነዳ። አቶ ገረሱ ይባላሉ፤ የቀድሞ የእርሻ መምህር፣ ያሁን ወይን ሠሪ።

«ሴትዮዋ እውነት አላቸው፣ ልጄ» አሉ። «እኔ በበኩሌ ከባዶ ጠረጴዛ ጋር ከምጎራበት ከእሳቸው ጋር ብጎራበት ደስ ይለኛል። ደግሞ እይው፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ቦታ አለ።»

ቦታ ነበረ። ባነሩን ያሳተመው ሰው ቃላቱን አራርቆ ኖሯል። ፀደንያ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ከቦርሳዋ ወፍራም ማርከር አወጣችና ሳጥኑ ላይ ወጣች። ሙክታር ወገቧን እንዳይነካ በአክብሮት ሳጥኑን ያዘላት። አንዲት «ና» ጻፈች፤ ትንሽ ዘመም ያለች፣ ከሌሎቹ ፊደላት የቀጠነች። «የወይንና ጠጅ ፌስቲቫል» ሆነ። አሳየች ታች ሆና ስታነብበው ትንፋሿን ለቀቀችው። እፎይ አለች፣ ድምፅ አውጥታ። 

አለቃው ረፋድ ላይ መጣ፤ ቀና ብሎም አየ። «ይቺ ‹ና› ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ። «ተረስታ ነው፤ ጠዋት ነው ያየናት» አለች ፀደንያ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። አለቃው በእጁ የያዘው ብርሌ የአሳየች ስለነበርና ሁለተኛው ስለነበር ነገሩን አላራዘመውም።

ሰው መምጣት የጀመረው በአንድ ትንሽ ነገር ነው። አሳየች ለመጀመሪያዋ እንግዳ ስትቀዳ፣ ሳታስበው፣ ወይዘሮ አገርነሽ እንዳስተማሯት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ መጀመሪያ ራሷ ቀመሰች። ድሮ መጠጡ መርዝ እንደሌለበት ማሳያ ነበር ይባላል፤ ለእሷ ግን እጅን እንደመታጠብ ያለ ልማድ ነው። ጎረምሶቹ ስልካቸውን አውጥተው ከበቧት። «አንዴ ይድገሙልን፣ እማማ» ይሏታል። «ስደግመው ልሰክር ነው» ትላቸዋለች፣ ግን ትደግማለች።

አቶ ገረሱ ጋ ግን እስከ እኩለ ቀን ዝር ያለ ሰው አልነበረም። ወይኑ የሚመጣው መቂ አካባቢ ካለው የወንድማቸው ማሳ ነው፤ የሚጨምቁት ደግሞ ኮተቤ፣ ከተራራው ሥር፣ አባታቸው በተዉላቸው የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ስምንት ዓመት ሆናቸው። ሰው ጠርሙሱን ያነሳል፣ «የየት አገር ነው?» ይላል፣ ኮተቤ ሲባል መልሶ ያስቀምጣል። አሳየች ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ አይታ አልቻለችም። ጠጇ የጠነከረባት አንዲት ደርባባ ሴት ፊቷን ስታጨማድድ «እኔ ደረቅ ነኝ፣ የኔ እመቤት፤ ለስላሳ ከፈለግሽ እዚህ ጎረቤቴ ጋ ቅመሺ። ጠርሙሱን ሳታዪ ቅመሺ» አለቻት። ሴትዮዋ ቀመሰች። ሰሚት አካባቢ ምግብ ቤት ነበራት፤ ሄዳ ከባሏ ጋር ተመለሰች፣ የአቶ ገረሱን ስልክ ጻፈች፣ በየሳምንቱ ማቅረብ ይችሉ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ነገሩ በደቦ ሆነ። ጠጅ የከበደው ወደ ወይን፣ ወይን የቀለለው ወደ ጠጅ፣ የማይጠጣው ደግሞ ሙክታር ከሚቀዳው ብርዝ። ስምንት ዓመት ያላገኙትን ሰው በአንድ ቀን ያገኙት አቶ ገረሱ ቡሽ መንቀል ደክሟቸው መሐረብ በእጃቸው ጠቀለሉ።

አሳየች ግን የመጣችበትን አልረሳችም። ለሚያመሰግናት ሁሉ «ቦታ ታውቃለህ ወይ?» ትላለች። አንዱ የወረዳ ሰው ማመልከቻ አስገቢ አላት። አንዱ ደግሞ፣ ጥሩ ኮት የለበሰ፣ መገናኛ አካባቢ ሰፊ አዳራሽ እንዳለው ነገራት። ልቧ ዘለለ። ሰውዬው ቀጠለና «ያው ማሩን ቀነስ፣ ስኳሩን ጨመር አድርገን ነው እንጂ እንዲህማ አያዋጣም» አለ።  አልዋሽም፣ አሳየች ለአንድ አፍታ እሺ ልትለው ነበር። ግንቦት ሠላሳ ዐሥር ቀን ነው የቀረው፤ ስኳርስ ሰው ገደለ ወይ? ከዚያ ራሷን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ስታፈላ አየችውና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቅርብኝ» አለችው። ሰውዬው ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። እሷ ግን ከሄደ በኋላ የመጨረሻውን በር በገዛ እጇ የዘጋች መሰላት።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ጀሪካኖቹ ባዶ ሆኑ። አቶ ገረሱ የመጨረሻዋን ብርሌ ይዘው ተቀምጠው እየቀማመሱ ስለ ጌሾው፣ ስለ ማሩ፣ ስለ ቀናቱ ይጠይቋታል፤ መምህር ስለነበሩ ጥያቄ አያልቅባቸውም። እሷም በተራዋ ጠየቀቻቸው።

«ያ የድንጋይ ቤትዎ አሁን ምን ይዟል?»

«አሁንማ ምንም። የወይኑ ለቀማ እስኪደርስ ገና ነው። ያለፈው ዓመቱ በርሜል ውስጥ ተኝቷል፤ ሌላው ክፍል አየር ነው።»

«አየሩ ምን ያደርግልዎታል?»

አቶ ገረሱ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። ሳቃቸውም ቀነሰ። አሳየች ያኔ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ላምበረትን፣ ጋኖቹን፣ ጉንዳኑን፣ ደብዳቤውን፣ ሐዋሳን። አላለቀሰችም፣ አላጋነነችም።

«እትዬ አሳየች» አሉ አቶ ገረሱ፣ «ባልወድ አይደለም። ወይን ግን የራሱ እርሾ አለው። የእርስዎ ጌሾ አንድ ጣራ ሥር ገብቶ እንዳይጋባብኝ እፈራለሁ። ስምንት ዓመት የለፋሁበት ነው።»

«ቢጋቡስ? ሠርጉን እኔ እደግሳለሁ» አለች። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ እሷም ያልሳቁበትን ምክንያት ገባት። የእሷን ጋን አንድ ሰው በስኳር ቢነካባት ምን እንደምትሆን ታውቃለችና። «እውነትዎን ነው» አለች፣ «ሥራዎ ነው።»

ይቺ «ሥራዎ ነው» ሳትሆን አትቀርም አቶ ገረሱን ያረታቻቸው። ከጓሮ በኩል አባታቸው ገብስ ያኖሩበት የነበረ፣ ግንቡ ክንድ የሚያክል፣ በሩ ወደ ተራራው የዞረ ክፍል መኖሩን ተናገሩ። አንድ ጋን ታምጣ፤ ይሞከር። በርሜሎቹን በየቀኑ ያሸታሉ። ጠጁ ከፈላና ወይናቸው ካልተነካ ክፍሉ የእሷ ይሆናል፤ ካልሆነ በሰላም ይለያያሉ። «ለእኔም ይጠቅመኛል» አሉ፣ «ያንን ዳገት ሰው የሚያስወጣ ነገር የለኝም። ጠጅ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ግን ዳገት አይፈራም።»

ማክሰኞ ሙክታር አንደኛውን ጋን ኮተቤ አደረሰላት፤ ከሦስተኛ ፎቅ ሲያወርዱት አቶ ፍሥሐ ራሳቸው ባንድ በኩል ይዘው፣ አፍንጫቸውን ወደ ሌላው በኩል አዙረው አግዘዋል። አሳየች ክፍሉን ጠረገች፣ ጋኑን በወይራ አጠነች፣ ማሩን በጠበጠች፣ ጌሾውን ጨመረች፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ አሰረች። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀራት። የእንጦጦ ቅዝቃዜ ግን ከባሕር ዛፉ እየወረደ በዚያ በር በኩል ይገባል፤ ጠጅ ደግሞ ብርድ አይወድም። ላምበረት በሦስተኛው ቀን ይፈላላት ነበር። እዚህ ረቡዕ ጨርቁን ስትፈታ ዝም። ሐሙስ ዝም። ጋኑን በጋቢ ጠቀለለችው። ዓርብ እንደ ማር ውሃ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ አንዲት አረፋ የለም። አቶ ገረሱ በሩ ላይ መጥተው ይቆማሉ፣ ፊቷን ያያሉ፣ ሳይጠይቁ ይመለሳሉ። ቅዳሜ ጸጋ ደውላ «ለሰኔ ሁለት ትኬት ልቁረጥልሽ?» አለቻት። «ነገ እነግርሻለሁ» አለች አሳየች። ማሩን ወቀሰች፣ ግንቡን ወቀሰች፣ በመጨረሻም ራሷን ወቀሰች፤ እድሜ ልኬን የተሳካልኝ ላምበረት ስለሆነ ይሆናል እንጂ እኔ ምን አውቄ አለች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ኮተቤ መጣች። ጋቢውን አነሳች። ጨርቁ መሃሉ ላይ ትንሽ አብጧል። ዓይኗን አላመነችውም፤ ጆሮዋን ጋኑ አፍ ላይ አስጠጋች። ከውስጥ ካፊያ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር የሚሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ አለ፤ ቆም ይላል፣ ይቀጥላል። ጨርቁን ፈታችው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ አረፋ ለብሷል፤ የጌሾው እንጨት በመካከሉ ብቅ ጥልቅ ይላል። ፈልቷል። በደንብ፣ እንደሚገባው ፈልቷል።

አቶ ገረሱ ከወዲያኛው ክፍል መጡ። «በርሜሎቹን አሽትቼ መምጣቴ ነው» አሉ፣ «ወይኔ ምንም አልሆነም።» ከዚያ ጋኑን አዩት፣ ከኪሳቸው የክፍሉን ቁልፍ አወጡና ከጋኑ አጠገብ አስቀመጡላት። አሳየች የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።  እንባዋ መጣ፤ ልታቆመው አልሞከረችም፣ ደስ የሚል እንባ ነበርና እስኪያልቅ ለቀቀችው።

«ምነው፣ እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አሉ አቶ ገረሱ ደንግጠው።

«የለም» አለች፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ራበኝ።»

እውነቷን ነው። ደብዳቤው በበሩ ሥር ከገባበት ቀን ጀምሮ በሰው ፊት ትቆርሳለች እንጂ በልታ አታውቅም። አቶ ገረሱ ከቤት ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ትልቁን ቁራሽ አንስታ፣ ደፉ ላይ እንደተቀመጠች ጨረሰችው። ከዚያ ቀና አለችና «ሌላ አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው።